ፔሪዮዲክ ቴብሉን እንጠቅልለው?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። አንዲት ተማሪዬ "ኒዮን 10፣ ሶዲየም 11 ከሆነ ለምን አንዱ ቀኝ ጥግ፣ ሌላው ግራ ጥግ ተቀመጠ?" አለችኝ። ስሪዲ የሆኑ፣ የተጠቀለሉ ሰንጠረዦች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ኤለመንቶች በቁጥራቸው የተደረደሩበትን የግድግዳውን ፔሪዮዲክ ቴብል አውርጄ በእነሱ ልተካው?

መልስ፦ ተማሪዎ ልክ ናት። ርቀቱን ያመጣው ወረቀቱ ነው። የግድግዳውን ግን አያውርዱት። የተጠቀለለ ነገር ጀርባው አይታይም፤ ኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅም አያነበውም። ተሠርቶ የመጣ ሞዴል ደግሞ ሁለት ቀን ይደነቅና አቧራ ይለብሳል። እኔ የምለው ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት ነው።

ሰንጠረዡ ያለበት ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ይስጧቸው። የቀኙን ጠርዝ ከግራው ጋር ሲያገናኙ አንድ ረድፍ ዝቅ ያድርጉት። ሂሊየም ከሊቲየም፣ ኒዮን ከሶዲየም፣ አርጎን ከፖታሲየም ጎን ይገጥማል። ቁጥሩም ሳይቋረጥ እየዞረ ይወርዳል።

ደስ የሚለው ክፍል ገና ነው። ማግኒዚየም 12፣ አሉሚኒየም 13 ነው፤ መካከላቸው ግን የ10 ዓምድ ባዶ ሜዳ አለ። ባዶውን ቆርጠው ሁለቱን ያገናኟቸው። ከሥር ያሉት፣ በስካንዲየም የሚጀምሩት 10 ዓምዶች ያኔ እንደ ኩባያ ጆሮ ወደ ውጭ ይወጣሉ። "እነዚህ ምን አጥፍተው ተባረሩ?" የሚባሉት ላንታናይዶችና አክቲናይዶችም (ከሰንጠረዡ ሥር ለብቻቸው የተጻፉት ሁለት ረድፎች) ከታች ተነሥተው ቦታቸው ይገባሉ። ላንታናይዶቹ ከባሪየም 56 እና ከሃፍኒየም 72 መካከል ሲሰኩ ሁለተኛ ጆሮ ይሠራሉ። ስድስተኛው ረድፍ ያኔ 32 ኤለመንት ይሆናል። ከታች የተጻፉት ወረቀቱ እንዳይሰፋ ብቻ ነበር።

አሁን በጣት ያስቆጥሯቸው። ዋናው ቀለበት 8 ነው፤ 2 እና 6። የመጀመሪያው ጆሮ 10፣ ሁለተኛው 14 ዓምድ ይጨምራል። ኤስ፣ ፒ፣ ዲ እና ኤፍ የተባሉት የአቶም ንዑስ እርከኖች የሚይዙት የኤሌክትሮን ብዛት ይኸው ነው፤ በቃል ማስጠናት ቀረ ማለት ነው። ሃይድሮጂን እንደሆነ ጠፍጣፋው ላይም አስቸጋሪ ነው፤ ከሊቲየም በላይ ይተዉት።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስልዎ። ደ ሻንኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1862፣ ዛሬ የምናውቀው ፔሪዮዲክ ቴብል ከተነሣበት ከሜንዴሌቭ ሰንጠረዥ 7 ዓመት ቀድሞ፣ ኤለመንቶችን በአቶማቸው ክብደት ቅደም ተከተል በሲሊንደር ላይ ጠምዝዞ ደርድሯል። የሲሊንደሩን ዙሪያ 16 ቦታ ከፈለው። ሊቲየም ክብደቱ 7፣ ሶዲየም 23፣ ፖታሲየም 39 ነውና ሦስቱም ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ላይ ዋሉ። ጽሑፉ ሲታተም ግን ሥዕሉ ቀረ፤ ኬሚስቶቹም ብዙ ልብ አላሉትም። ስለዚህ እባክዎ በቃል ብቻ አያስረዱት።

ለተማሪዎ አንድ ነገር ይንገሯት። ኒዮንና ሶዲየም ጎረቤት ሆኑ ማለት ተመሳሰሉ ማለት አይደለም። ኒዮን ከማንም ጋር አይዋሃድም፤ ሶዲየም ውሃ ሲያገኝ ይንጣጣል። የሚመሳሰሉት ከላይ ወደ ታች ያሉት ናቸው። ፕላስተር ያልኩትም በምክንያት ነው። ፈተና ላይ የሚመጣው ጠፍጣፋው ስለሆነ፣ ፈትተው መልሰው ይዘርጉት።