ሁለት ዝንጉርጉር ዳክስሁንዶችን ማዳቀል

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ሴቷም ወንዱም ዳክስሁንዶቼ (እግረ አጭር፣ ሰውነተ ረጅም ውሾች) ዝንጉርጉር ናቸው። ሴቷ 10 ወሯ ነው። ባዳቅላቸው ቆንጆ ቡችሎች አገኛለሁ?

መልስ፦ እባክዎ አያዳቅሏቸው። ዝንጉርጉርነቱን የሚያመጣው ሜርል የሚባለው ዘረመል ነው። ሁለቱም ወላጆች የዚህ ዘረመል አንድ አንድ ቅጂ ካላቸው፣ እያንዳንዱ ቡችላ ሁለቱንም ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ ብዙ ጊዜ ነጭ ይበዛበታል፤ መስማት የተሳነው፣ ዓይኑ ከልክ በላይ ያነሰ ወይም ጭራሽ ዓይን የሌለው ሆኖ ሊወለድ ይችላል። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የብሪታኒያው ኬነል ክለብም ከሁለት ሜርል ወላጆች የተገኙ ዝንጉርጉር ቡችሎችን አይመዘግብም።

ለሴቷ ሜርል የሌለበት ወንድ ይፈልጉላት። ቀይ ከሆነ በዓይን ብቻ አይመኑ። ቀይ ውሻ ላይ ዝንጉርጉሩ ከዕድሜ ጋር እየደበዘዘ ሄዶ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ ሊቀር ይችላል። ቁርጡን የሚነግርዎት ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ የሚወሰድ የዲኤንኤ ናሙና ነው።

ደግሞም በ10 ወሯ ገና ልጅ ናት! 2 ዓመት ከሞላት በኋላ፣ 4 ሳይሞላት፣ የአከርካሪ ራጅ ትነሳ። በዚህ ዝርያ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) በሽታ የኋላ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፣ በዘርም ይተላለፋል። ራጁ ላይ የደነደኑ ዲስኮች ከበዙባት፣ መልኳ የቱንም ያህል ቢያምር አትውለድ።