ለአንድ ባለጉዳይ ሁለት ፋይል ሲገኝ

አንድ የሥራ ባልደረባችን አራት ኪሎ አካባቢ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን በቅርቡ ተረክበው፣ ለአንድ ባለጉዳይ ሁለት ፋይል ተከፍቶ እንዳገኙና አለቃቸው «አዲሱን አስወግደው» እንዳሏቸው ጽፈው «ምን ላድርግ?» ብለዋል። እኔ የምለው አንዱንም አያስወግዱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፒያሳ ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የምነግርዎት አብዛኛውን ተሳስቼ የተማርኩትን ነው።

በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፋይሎቻችንን በማዳበሪያ ከረጢት ጭነን ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወርን። ለዓመታት በየመደርደሪያው ተራርቀው የኖሩ ማኅደሮች ያን ቀን አንድ ወለል ላይ ተገናኙ። አንዱ ሽፋን «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ይላል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ለጆሯችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቁጥር ስለሚያውቀው «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም፤ ስላጣውም አዲስ ፋይል ይከፍታል። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ነው ብዬ ለወጣቶቹ ባስተምርም የሚሰማኝ አልተገኘም። «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም» እና «ገ/ማርያም» ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ናቸው።

ከማዋሐድዎ በፊት ግን በእርግጥ አንድ ሰው መሆኑን ያጣሩ። እስከ አያት ድረስ ስማቸው የገጠመ ሁለት ሰዎችን አንድ ፋይል ውስጥ አስገብቼ፣ የአንዱ የጡረታ ማስረጃ በሌላው ስም ሊወጣ ለጥቂት ነው የተረፈው። የትውልድ ዘመኑን፣ ፊርማውንና ፎቶግራፉን ያነጻጽሩ።

አንድ ከሆነ ቀድሞ የተከፈተው ይቆያል፤ የአዲሱ ደብዳቤዎች በየቀናቸው በመሐሉ ይገባሉ። የዘመን አቆጣጠሩን ልብ ይበሉ፤ ከውጭ ድርጅት የመጣ በ2024 የተጻፈ ደብዳቤ ዓመቱ ብቻ ታይቶ ከ2017ቱ ደብዳቤ ኋላ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የገጹን አዲስ ቁጥር በቀይ ይጻፉ፤ የድሮውን እንዲነበብ አድርገው በአንድ መስመር ይሰርዙት እንጂ አይፋቁት።

ባዶው ሽፋን ቦታውን አይልቀቅ። በመጀመሪያው ዓመቴ የተዋሐደውን ፋይል ሽፋን ጥዬው ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት እናት የተጣጠፈች ብጣሽ ወረቀት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ፤ የተጻፈባት ቁጥር የዚያው የጣልኩት ፋይል ነው። በዚህ ቁጥር የተከፈተ ፋይል የለም ብዬ መለስኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው ተመልሰው ሲመጡ ነው ስህተቴ የገባኝ። ቁጥሩ በእጃችን ባለው ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ በባለጉዳዩ ኪስ ውስጥ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይም አለ። ከዚያ ወዲህ ባዶውን ሽፋን መደርደሪያው ላይ ትቼ ፊቱ ላይ «ወደ ፋይል ቁጥር ይህን ያህል ተዛውሯል» ብዬ፣ ቀንና ፊርማ አኖርበታለሁ። በመዝገቡም ላይ እንዲሁ።

ለአለቃዎ ደግሞ በአክብሮት፣ በጽሑፍ ያስረዱ። የመንግሥት ሰነድ ያለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፈቃድ አይወገድም፤ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጁን፣ ቁጥር 179/1991ን፣ አባሪ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

ሳልረሳው ስለ ግልባጭ ልጨምር፤ አዳዲስ ድርብ ፋይሎች በብዛት የሚወለዱት ከዚያ ነው። ዋናው ደብዳቤ በፖስታ፣ ግልባጩ በባለጉዳዩ እጅ ይመጣል፤ ሁለቱም እንደ አዲስ ገቢ ተመዝግበው ለሁለት ክፍል ይመራሉ። እኛ ዘንድ አንዱ ክፍል ፈቀደ፣ ሌላው ከለከለ፤ ባለጉዳዩ ሁለቱንም ደብዳቤ ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «የትኛውን ልመን?» አለኝ። አሁን ገቢ ከመመዝገቤ በፊት የላኪውን ቁጥርና ቀን አያለሁ፤ ቀድሞ ከገባ ግልባጩን ከዋናው ጀርባ አያይዤ እዚያው ክፍል እልከዋለሁ።

የሁለቱን ፋይሎች የመክፈቻ ቀንና በላያቸው ያለውን የስም አጻጻፍ እዚሁ ቢጽፉልን አብረን እናየዋለን።