ባትሪውን ከመትከልህ በፊት ምን እንደሚጠብቅ ወስን

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ዲሲኤስ በሚባለው የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ላይ ሚሽን ስትሠራ አንድ ኤስ-300 እና ሁለት ኤስ-75 የሚባሉ የፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ባትሪዎች፣ ማለትም ራዳርና ማስወንጨፊያ ያላቸው ክፍሎች፣ ተክለሃል። ተጫዋቾችህ ከሩቅ ሃርም (የራዳር ጨረር ተከትሎ የሚመታ ሚሳኤል) እየለቀቁ ራዳሮቹን ያቃጥላሉ፣ ከዚያ በኋላ ሚሽኑ ሽርሽር ይሆናል። ማስወንጨፊያ ስትጨምር ደግሞ ማንም ማለፍ አይችልም፣ ሰው ተናዶ ይወጣል። "እውነተኛ የሚመስል ባትሪ እንዴት ነው የሚሠራው?" ነው ያልከው።

ለምንበርበት ቡድን ሚሽን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። አጭሩ መልስ ይኸው፤ የጎደለህ ብረት አይደለም። ባትሪዎችህ የሚጠብቁት ነገር የላቸውም። ራዳራቸውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደበራ ነው። ሁለቱ ከተስተካከሉ አሁን ካለህ ባነሰ መሣሪያ የበለጠ የሚያስፈራ ሰማይ ታገኛለህ።

መጀመሪያ የባትሪውን አካላት እንይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ዲሲኤስ ውስጥ አሳሽ ራዳሩ (ዒላማ የሚፈልገው)፣ መሪ ራዳሩ (ሚሳኤሉን ወደ ዒላማው የሚመራው) እና ማስወንጨፊያዎቹ በአንድ ግሩፕ ውስጥ መሆን አለባቸው። ለየብቻ ካደረግካቸው ጎን ለጎን ቆመው እንኳ አይተዋወቁም። ለኤስ-75 ስድስት ማስወንጨፊያ አድርግ፣ መሪ ራዳሩን መሃል፣ አሳሹን ፒ-19 ትንሽ ራቅ አድርገህ። በእውኑ ዓለም ከኤስ-75 ጋር የሚታወቀው ፒ-12 ነበር። ሲሙሌተሩ የሚያሠራው በፒ-19 ስለሆነ በእሱ እንብቃቃ። ስድስቱን በኮከብ ቅርጽ አስቀምጣቸው፣ በመሃላቸው የመኪና መንገድ ይኑር። ነሐሴ መጨረሻ 1962 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው የስለላ አውሮፕላን ዩ-2 ኩባ ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች የሶቪየት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል መኖሩን ያጋለጡት ይህን ቅርጽ ይዘው ነው። ተጫዋችህም ከላይ ሆኖ በዓይኑ ሲያየው "ይሄ ኤስ-75 ነው" ማለት መቻል አለበት።

ኤስ-125 የሚባለው ሌላው ባትሪ አራት ማስወንጨፊያ ይበቃዋል፣ በየአንዳንዱ ላይ አራት ሚሳኤል አለ። ኩብ የሚባለው በተሽከርካሪ የሚንቀሳቀስ ባትሪ ደግሞ ሥራው ይቀላል። 1ኤስ91 የሚባለው አንድ ተሽከርካሪ ፍለጋውንም መምራቱንም ይሠራል፣ ከእሱ ጋር ባለ ሦስት ሚሳኤል ማስወንጨፊያ አራት ታስከትላለህ። በቃ። ቡክ በሚባለው ባትሪ ላይ ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ማስወንጨፊያ የራሱ ራዳር አለው፤ አሳሽ ራዳሩን መትቶ "ጨረስኩ" ያለ ፓይለት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ታሪክ ይሰማል። ኤስ-300 ደግሞ ያለ 54ኬ6 ማዘዣው አይሠራም፣ እሱን እንዳትረሳ።

ኤስ-300ን በተመለከተ ሐሳቤን ልንገርህ። አራት ወይም ስድስት ሰው ለሚበርበት ሚሽን አታስገባው። በአንድ ጊዜ ስድስት ዒላማ ላይ አስራ ሁለት ሚሳኤል መምራት የሚችል መሣሪያ ነው። እሱን በትክክል ለመስበር ትልቅ የተቀናጀ ጥቃት ያስፈልጋል። ለዚያ የሚበቃ ሰው ከሌለህ ወይ አስማት ይሆናል ወይ አሻንጉሊት።

የድሮዎቹ ግን ለሚሽን ሠሪ ወርቅ ናቸው፤ ድክመታቸው ግልጽ ስለሆነ። የኤስ-75 ባትሪ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ዒላማ ብቻ ነው፣ ቢበዛ ሦስት ሚሳኤል ይልክበታል። ስለዚህ ሁለት ጥንድ አውሮፕላን ከሁለት አቅጣጫ ቢመጣ አንደኛው ጥንድ ሳይተኮስበት ያልፋል። በቅርብ ደግሞ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የማይመታው ክልል አለው። ይህ ቀዳዳ ሚሽኑን የሚያበላሽ እንዳይመስልህ። ተጫዋችህ ፈልጎ ሲያገኘው የሚደሰትበት እሱ ነው። አንተ የምትሸፍነው በሌላ ባትሪ ነው፤ ማስወንጨፊያ በመቆለል አይደለም።

እዚህ ላይ ነው "ምን ይጠብቃል?" የሚለው የሚመጣው። ካርታው ላይ መጀመሪያ የሚጠበቀውን ነገር ምረጥ። አየር ማረፊያ፣ ድልድይ፣ ነዳጅ ማከማቻ፣ የፈለግከውን። ከዚያ ራስህን በአጥቂው ቦታ አድርግና ከየት እንደምትመጣ አስብ። ሸለቆ ይዘህ? ከባሕር በኩል? ቦምቡን የምትለቀውስ ከዒላማው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ሆነህ ነው? ባትሪው ያንን የመልቀቂያ ቦታ መድረስ አለበት። ብዙ ሚሽን ላይ የማየው ባትሪው ከአውሮፕላን ማኮብኮቢያው ጎን ተለጥፎ ነው። እንዲያ ሲሆን ከርቀቱ ግማሹ የሚባክነው ማንም በማይመጣበት በጀርባው በኩል ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ኤስ-125 ወደ ሥጋቱ አቅጣጫ ስምንት ወይም አስር ኪሎ ሜትር ገፋ አድርገው። ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ኤዲተሩ (ሚሽን የምትሠራበት ክፍል) የባትሪውን ርቀት የሚያሳይህን ቀይ ክብ አትመነው። ክቡ ተራራ አያውቅም፣ ራዳር ግን ከተራራ ጀርባ አያይም። ሜዳ ላይ እንኳ ገደብ አለ። በእውኑ ዓለም የሚሠራበት ስሌት ቀላል ነው። የራዳሩን ከፍታና የአውሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ወስደህ የሁለቱንም ስኩዌር ሩት ትደምራለህ፣ በ4.12 ታባዛለህ፣ የሚወጣው ኪሎ ሜትር ነው። አንቴናው 5 ሜትር ላይ ያለ ራዳር 50 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን የሚያየው ከ38 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። አንቴናውን 24 ሜትር ምሰሶ ላይ ስትሰቅለው ወደ 49 ይደርሳል። ሩሲያዎቹ የኤስ-300 ራዳር በረጅም ምሰሶ ላይ የሚወጣበትን ዓይነት የሠሩት ለዚህ ነው፣ ዲሲኤስ ውስጥም አለልህ። ኮረብታማ ቦታ ላይ ይጠቅምሃል። ነገር ግን ጫፍ ላይ መስቀል ሁሌ ጥሩ አይደለም። ከሩቅ የሚያይ ከሩቅ ይታያል። ኩብን እኔ የማስቀምጠው ከሸለቆ አፍ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ፣ አንድ ጎኑን ተራራ ሸፍኖት ነው። የሚያየው ትንሽ ነው፣ ያየውን ግን ቅርብ ላይ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ራዳሩ መቼ ይበራል?

በሰኔ 1982 በሊባኖሱ በካ ሸለቆ ላይ የሆነውን የአየር ውጊያ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ሶርያዎች እዚያ 19 ባትሪ ነበራቸው፣ አብዛኛው ኩብ። እስራኤል ሰኔ 9 ቀን 17ቱን አወደመች። መሣሪያው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ በ1973ቱ ጦርነት ያው ኩብ የእስራኤልን ፓይለቶች አሳሩን አብልቷቸዋል። በካ ላይ ግን ባትሪዎቹ አንድ ቦታ ረግተው ነበር። አስቀድመው ተጠንተዋል። ሰው አልባ ማታለያዎች ሲመጡ ራዳራቸውን አበሩ፣ አስከትሎ የሚገድላቸው መጣ። ያንተ ሚሽን ላይ አሁን የሚሆነው ይኸው ነው።

ሌላውን ጎን ደግሞ እይ። ሰኔ 2 ቀን 1995 ቦስኒያ ላይ ኤፍ-16 የጣለው ኩብ ነበር። ራዳሩን ያበራው አውሮፕላኑ በመተኮሻ ክልሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ፓይለቱ ለመሸሽ ጊዜ አላገኘም። መጋቢት 27 ቀን 1999 ደግሞ የሰርቢያው መኮንን ዞልታን ዳኒ የሚያዝዘው ኤስ-125 ባትሪ ከራዳር ይሰወራል የሚባለውን ኤፍ-117 ጣለ። የዚያ ባትሪ ሕግ መሪ ራዳሩ ከ20 ሰከንድ በላይ እንዳይበራ ነበር። ከተኮሱ በኋላ ደግሞ ቦታ ይለቃሉ። መሣሪያው የ1960ዎቹ ነው። አሠራሩ ግን ማንንም ያስፈራል።

ይህን ወደ ኤዲተሩ እናምጣው። የግሩፑ የንቃት ደረጃ ቀይ ሲሆን ባትሪው ከመጀመሪያው ነቅቶ ይጠብቃል፣ አረንጓዴ ሲሆን ይተኛል። ያለ ስክሪፕት (ሚሽኑ ውስጥ የሚጫን ኮድ) ማድረግ የምትችለው ቀላሉ ነገር ባትሪውን አረንጓዴ አድርገህ መጀመርና፣ ተጫዋቹ አንድ የመቀስቀሻ ክልል ውስጥ ሲገባ ወደ ቀይ መቀየር ነው። የክልሉን ስፋት ከመተኮሻ ርቀቱ አሳንሰው። ኩብ 24 ኪሎ ሜትር ከደረሰ አንተ 15 ወይም 16 ላይ አንቃው። በአንድ መቀስቀሻ ብቻ ሚሽኑ ሌላ ይሆናል፣ የተጫዋቾቹ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሚሳኤሉ ቅርብ ነው።

ከዚያ በላይ ከፈለግክ ስካይኔት የሚባለውን ነፃ ስክሪፕት ጫን። ሙስ በሚባለው የስክሪፕት ስብስብ ውስጥ ያለው ማንቲስም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እኔ የምጠቀመው ስካይኔትን ነው። የሩቅ ቅኝት ራዳሮችህን ታስመዘግበዋለህ፣ ለምሳሌ 1ኤል13 ወይም 55ጂ6። ባትሪዎቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። የሩቁ ራዳር አውሮፕላኑን ይከታተላል። ወደ ባትሪው ክልል ሲገባ "አብራ" ይለዋል። ክልሉን በመቶኛ መቀነስ ትችላለህ። ባትሪው ሃርም እየመጣበት እንደሆነ የሚያውቅበትን ዕድልም አንተ ትወስናለህ። ካወቀ ራዳሩን ያጠፋል። ለድሮ መሣሪያ ዕድሉን ዝቅ አድርገው፣ ለአዲሱ ከፍ። ሁሉም ሁሌ የሚያመልጥ ከሆነ ያንተ ችግር በተቃራኒው ይመጣል።

የስካይኔት ትልቁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። ማዘዣ ጣቢያ፣ የመገናኛ ማማና የኃይል ማመንጫ ከባትሪዎቹ ጋር ማሰር ትችላለህ። ማመንጫው ሲመታ ባትሪው ይጠፋል። ማማው ሲወድቅ ባትሪው ከሩቁ ራዳር ጋር ይቆራረጥና ብቻውን ይቀራል። ብቻውን ሲቀር ደግሞ ወይ ዝም ይላል ወይ ራዳሩን አብርቶ እንደ ዱሮው ይዋጋል፤ መራጩ አንተ ነህ። ያኔ ተጫዋቾችህ ከመነሳታቸው በፊት መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ማማውን እንምታ? ወይስ በዝቅታ እንለፍ? ከበረራው ይልቅ ይህን ጭቅጭቅ የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ።

የቅርብ መከላከያውን በአጭሩ። ከትልቁ ባትሪ አጠገብ ሺልካ (ባለ ራዳር መድፍ) ወይም ኦሳ (የአጭር ርቀት ሚሳኤል) አድርግ፣ አንድ ላይ ግን አትከምራቸው። በዝቅታ የሚመጣ ሰው ብቅ የሚልበትን ቦታ ፈልግና ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወጣ አድርጋቸው። ሺልካ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይደርስ ቦታው ካልተመረጠ ጌጥ ነው። ትከሻ ላይ የሚተኮስ ኢግላ ሸለቆው አናት ላይ አንድ ይበቃል። ቶር የሚባለው ሌላው የአጭር ርቀት መሣሪያ የሚመጣውን ሚሳኤል ራሱን ይመታል፣ ለኤስ-300 ጥሩ ዘበኛ ነው። ዘመን ግን አታምታታ። ቶር የ1980ዎቹ አጋማሽ መሣሪያ ነው። የ1972 ቬትናምን የሚመስል ሚሽን ከሆነ ኤስ-75ና ብዙ መድፍ፣ ሌላ ምንም።

የሠራተኞቹን ችሎታ ሁሉንም "እጅግ በጣም ጥሩ" ላይ አታድርግ። አንዱን ባትሪ ከፍ፣ ሌላውን መካከለኛ አድርገው። ባዶ ቦታ ላይም ራዳር የሌለው ማስወንጨፊያ እንደ ቋሚ ዕቃ አስቀምጥ። ፎቶ ላይ ባትሪ ይመስላል፣ ቦምብ ያስጨርሳል፣ ሰርቨሩንም ብዙ አይከብደውም።

ስትጨርስ ራስህ ብረርበት፣ አንዴ በከፍታ፣ አንዴ በሸለቆው። ቅጂውን ታክቪው (በረራውን መልሶ የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ክፈትና ሁለት ነገር ብቻ እይ፤ ባትሪው የተኮሰው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? በዚያ ሰዓት አንተ ከጀርባው የምትደበቅበት ተራራ ነበረህ? መልሱ ሁሌ "አልነበረኝም" ከሆነ የማንቂያውን ርቀት ትንሽ ጨምርለት፣ ማስጠንቀቂያው ለፓይለቱ ቀደም ብሎ እንዲደርስ።

የትኛው ካርታ ላይ እንደሆንክ አልጻፍክም። ሶርያ ከሆነ በካ ራሱ ካርታው ውስጥ ስላለ ለኩብ የምመርጣቸው ቦታዎች አሉኝ። ካውካሰስ ከሆነ ግን ተራራው ይበዛል፣ ኤስ-75ን ከሜዳው ባታወጣው ይሻላል። ስንት ሰው እንደሚበርና ዘመኑን ጨምረህ ጻፍልኝ፣ የባትሪዎቹን ብዛት አብረን እናሰላዋለን።