በረኪናና አቼቶ ለቀላቀለ ልጅ የኬሚስትሪ ኪት ይገዛለታል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ልጄ 10 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ቤት ያገኘውን ነገር ሳይቀላቅል አይተኛም፤ ሻምፖ ከቡና አተላ፣ ሎሚ ከኦሞ፣ ምን ልበልዎ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አስደነገጠኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በረኪና ላይ አቼቶ ጨመረበት። ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ነው ያወቅኩት፣ እሱ እያሳለም እየሳቀም ወጣ። መስኮት ከፍተን ጎረቤት ሄደን ተቀመጥን። አሁን ደህና ነው።

እህቴ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች። የኬሚስትሪ ኪት አመጣልሃለሁ ብላው ስለነበር የሦስት ሳጥን ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ለ8 ዓመት ነው፣ እሳተ ጎመራና ስላይም (የሚለጠጥ ዝልግልግ መጫወቻ) ያሠራል። ሁለተኛው ከ10 ዓመት በላይ ይላል፣ መነፅርና ትንንሽ ቱቦዎች አሉት። ሦስተኛው ከ12 በላይ ነው፣ ከ300 በላይ ሙከራ አለው፣ የአልኮል መብራትም አለው። ልጁ "ትልቁን" ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ባለቤቴ ደግሞ "ቤቴን ሊያቃጥልልኝ ነው፣ ኳስ ታምጣለት" ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ

እህቴ፣ ከኪቱ በፊት የበረኪናውን ነገር እናንሳ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አቼቶ አሲድ ነው፣ ሎሚም እንደዚሁ። በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የፈጀው ጋዝ ነው። ወጥታችሁ ጎረቤት መሄዳችሁ ትክክል ነበር። ሌላ ጊዜ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካልተወው ጤና ጣቢያ ነው የሚወሰደው፣ ወተት አጠጥቶ መጠበቅ የለም። በረኪናውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጠሽ የምታስቀምጪ ከሆነም ዛሬውኑ ስሙን ጻፊበትና እጁ የማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። የ8 ዓመቱን ተዪው። እሳተ ጎመራ ማለት ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ነው፤ ሁለቱም ሱቅ አሉ፣ ለዚህ ዶላር አይወጣም። ትልቁም ገና ነው። የሙከራው ቁጥር አያታልልሽ፣ እኔ ባየኋቸው ሳጥኖች ብዙው አንዱን ሙከራ በሌላ ዱቄት መድገም ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜም የልጁን ጉብዝና አይለካም። ጎበዝ ልጅ የ12 ዓመቱን መመሪያ አንብቦ ሊረዳው ይችላል፤ ችኮላው ግን የ9 ዓመት ነው፣ ችኮላና የአልኮል መብራት ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም።

እንግዲህ መሃለኛው ነው፣ ግን ዝም ብሎ አይገዛም። እህትሽ ኬሚካሎቹ የተዘረዘሩበትን ጎን ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ስማቸው ሳይጻፍ "አስማታዊ ዱቄት" ምናምን የሚል ብቻ ከሆነ ይቅር። ልጁ ምን ከምን እንደቀላቀለ ሳያውቅ ምን ይማራል? ቢውጠውስ ለሐኪም ምን ትያለሽ? ኮፐር ሰልፌት ካየሽ አትደንግጪ፤ ያ የሚያምር ሰማያዊ ክሪስታል የሚያድገው ከሱ ነው። ሲዋጥ ግን መርዝ ስለሆነ ከወጥ ቤት ሲኒና ማንኪያ ጋር አይነካካም። አሜሪካ የሚሸጥ መጫወቻ ኤኤስቲኤም ኤፍ 963 የሚባለውን የደህንነት ደረጃ ማሟላት አለበት፣ የአውሮፓ ከሆነ ደግሞ በተለይ ለኬሚስትሪ ኪት የወጣው ኢኤን 71-4 አለ። ድሮ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የት ነበር! በ1950 እ.ኤ.አ. ጊልበርት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የዩራኒየም ማዕድን ያለበትን የልጆች ሳጥን በ49.50 ዶላር ሽጧል። ባለቤትሽ ይሄን እንዳያነብ።

ሌላው፣ ዱቄቶቹ ቶሎ ያልቃሉ፣ የሚቀርሽ ቱቦው ነው። ስለዚህ እዚህ በሚገኝ ነገር የሚተካ ይሻላል፦ ጨው፣ ሶዳ፣ ከፋርማሲ አዮዲን። አዮዲን ድንች ላይ ጠብ ስታደርጊ ስታርቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ቁራሽ እንጀራ ላይም ይሞክረው፣ የነካውን ግን እንዳይበላ። እህትሽ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት፣ አይፈቀድም። ዱቄት ያለበትን ሳጥን ሳትከፍት በሚጫነው ሻንጣ ታድርገው፤ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ከያዘች አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ሊጠብቃት ይችላል።

እስከ ገና ድረስ ዝም በል ብትዪው ወደ በረኪናው መመለሱ አይቀርም። እርድ ስጪው። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ ሳሙና ሲነካው እንዴት እንደሚቀላ አይተሽ የለ? ያ ኬሚስትሪ ነው። እርድ በውሃ በጥብጦ ነጭ ወረቀት ይቀባና ያድርቀው። በሳሙና ውሃ ጣቱን ነክሮ ሲጽፍበት ቀይ ይወጣል፣ ሎሚ ሲያንጠባጥብበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ አመድ፣ ወተት፣ አምቦ ውሃ እያለ ቤቱን ሁሉ ይፈትሻል፣ ውጤቱን ደብተር ላይ ይጻፍ። ደብተር ካልያዘ ኪቱም አይከፈትም በዪው።

አባቱን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ከቅዳሜ በኋላ ማንም ይፈራል። ኪቱ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ፣ የሚያወርደውም አባቱ ይሁን፣ አባቱ አብሮ ሳይቀመጥ አይከፈትም። ለእህትሽ ደግሞ ንገሪያት፣ መነፅሩን ሁለት አድርጋ ታምጣ፣ አንዱን በትልቅ ሰው ልክ።