ፌሮ ሲያነሳ የሚያዘነብል ጎን ጫኝ ፎርክሊፍት

ከገላን የብረት መጋዘን አንድ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጎን ጫኙ ፎርክሊፍታችን ባለ 12 ሜትር የፌሮ እስር ሲያነሳ ቀስ እያለ ወደ ጭነቱ ያዘነብላል። የኋላው የድጋፍ ጃክ (በዘይት ግፊት ወጥቶ መሬት የሚረግጠው እግር) ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቀን ደህና ነው። የጃኩ ቱቦ ከተቀየረ በኋላ ነው የጀመረው። መካኒክ ፓምፕ ቀየረልን፣ ለውጥ የለም። ሞተር ጠፍቶም ይገባል።»

ወንድሜ፣ የፓምፑ ብር ያሳዝናል። ሞተር ጠፍቶ የሚገባን ጃክ ከፓምፕ ጋር ምን አገናኘው? ግቢህ ዋልካ ቢሆን መሬቱ ሰምጦ ነው እል ነበር። አንተ ግን ጃኩ ይገባል ብለሃል። ጥርጣሬዬ ጃኩ ላይ የታሰረችው የመቆለፊያ ቫልቭ ላይ ነው። ቱቦው ሲቀየር ቆሻሻ ገብቶባታል። በጃኩ ውስጥ ያለው የፒስተኑ ጎሚኒ ቢያልቅ ኖሮ በየቀኑ ይገባ ነበር። ቦታ እየቀያየረ አንዴ የሚያስቸግር፣ አንዴ የሚተው ቆሻሻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘብዝብ። ቫልቯ ውስጥ በሞላ የሚገፋ ትንሽ መዝጊያ አለ። ዘይት ያስገባል፣ ጃኩን ለመሰብሰብ ማንሻውን ካልሳብክ በቀር አያስወጣም። ዘይት እምብዛም ስለማይጨመቅ መዝጊያው እስከተዘጋ ድረስ ጃኩ እንደቆመ ይቀራል። መዝጊያው ሥር የገባች ቅንጣት ግን በር ሥር እንደገባች ጠጠር ናት፣ ገርበብ አድርጋ ታስቀረዋለች። አሁን ጭነቱን አስብ። ባለ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ግድም ነው፤ አንዱ ዘንግ ከ10 ኪሎ ያልፋል፣ 200 ዘንግ ከ2 ቶን በላይ። ማስቱ (ሹካዎቹን የሚያወጣና የሚያወርደው ምሰሶ) ወደ ውጭ ሲወጣ ይሄ ሁሉ ከጎማዎቹ ውጭ ይንጠለጠላል፣ የሚሸከመው ጃኩ ነው። ጃኩ ትንሽ ሲገባ ማሽኑ ያዘነብላል፣ ሲያዘነብል ጭነቱ ይበልጥ ይርቃል፣ ጃኩ ይበልጥ ይጫናል፣ ዘይቱም ይበልጥ ይሾልካል። «ቀስ እያለ» ያልከው በድንገት ሊፈጥን ይችላል።

ስለዚህ ጭነት ተሸክሞ ምንም ነገር አይፈታም። ሞተር ቢጠፋም ቫልቯ ግፊት ይዛ ትቆያለች። ፌሮውን አውርድ፣ ማስቱን አስገባ፣ ጃኮቹን ከመሬት አንሳ፣ ሞተር አጥፋ፣ ማንሻዎቹን ወዲያ ወዲህ አድርግ። ከዚያ በዝግታ ፍታ።

የፊትና የኋላ ጃክ ቫልቮች ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያይራቸው። ችግሩ ወደ ፊተኛው ጃክ ከዞረ ቫልቯ ናት። እዚያው ከቀረ ጎሚኒው ነው፣ ጃኩ ይፈታል። ቫልቯን በንጹህ ናፍጣ እጠብ፣ በአየር ንፋ፣ መዝጊያው የሚያርፍባትን መቀመጫ በባትሪ እይ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካት! ስንቱ እንደዚያ አድርጎ ደህናዋን ሲያበላሽ አይቻለሁ። ከተጫረች ቀይራት። ኦሪንጉን (የቫልቯን ቀለበት ጎሚኒ) ዘይት የሚችል ግዛ። በከረጢት በርካሽ የሚሸጠው ዘይት ሲነካው ያብጣል። ፊልትሮውንም ቀይር፣ አለበለዚያ ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል።

ፓምፕ የቀየረው ሰው የግፊት መቆጣጠሪያውንም ሳያጠብቅ የሄደ አይመስለኝም። የግፊት መለኪያ ጌጅ ተውሰህ ማሽኑ ሰሌዳ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር መልሰው።

ስትፈትሽ በግማሽ እስር ጀምር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አንሳ። የጃኩን ዘንግ በጠመኔ ምልክት አድርግና 10 ደቂቃ ጠብቅ። በጭነቱ በኩል ሰው አይቁም። ምልክቱ ከተንቀሳቀሰም እንደገና፦ መጀመሪያ ጭነቱ ይውረድ፣ ከዚያ መፍቻ ይነሳ።