በአሮጌ መጽሐፍ ለኤሲሲኤ ፈተና መዘጋጀት ይቻላል? (መልስ)

እህቴ፣ ወንድምሽ በ2017 እ.ኤ.አ. የገዛው መጽሐፍ ለኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ) ፈተና ይበቃኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ለማኔጅመንት አካውንቲንግ (ለድርጅቱ የውስጥ ውሳኔ ለሚሠራው ሂሳብ) መነሻ ይሆንሻል። ለፋይናንሺያል ሪፖርቲንግ (ለውጭ ሰዎች ለሚቀርበው የሂሳብ መግለጫ) ግን እባክሽ አትተማመኚበት።

እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ በተዋስኩት መጽሐፍ ነበር የጀመርኩት። የኪራይ ምዕራፉ ዳር ላይ በእርሳስ «ይህ አይቀርም!» ተብሎ ተጽፏል። ስንት ሌሊት ሸመደድኩት! ለካ ያ ደንብ ተሽሯል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦታው የገባው አይኤፍአርኤስ 16 የተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንብ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ድርጅትሽ ለአምስት ዓመት ሱቅ ተከራየ እንበል። ድሮ አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩ ወጪ ተብሎ ያልፍ ነበር። አሁን በሱቁ የመጠቀም መብቱ ሀብት ሆኖ ይመዘገባል። ወደፊት የሚከፈለው ኪራይ ደግሞ በዛሬ ዋጋው ተሰልቶ ዕዳ ይሆናል። ከ12 ወር ላልበለጠ ኪራይ ወይም ዋጋው ዝቅተኛ ለሆነ ዕቃ ኪራይ ብቻ በድሮው መንገድ መሄድ ይፈቀዳል። በድሮው ከመለስሽ ሀብቱም ዕዳውም ጎድሎ ይወጣል፤ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል።

ለውጡ ደግሞ አላበቃም። አይኤፍአርኤስ 18 ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ሂሳብ መግለጫ አቀራረብ የሚደነግገውን የቆየ ደንብ፣ አይኤኤስ 1ን፣ ይተካል፤ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው አቀራረብ ይቀየራል።

ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት የምትፈተኚበትን ዓመት ሲላበስ (የፈተናውን ይዘት ዝርዝር) ከኤሲሲኤ ድረ ገጽ አውርጂ። በነፃ ነው። ከዚያ የወንድምሽን መጽሐፍ ማውጫ ጎን ለጎን አድርገሽ የተሻሩትን ምዕራፎች ሰርዢ። ከተቸገርሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።