ካሎሪ ስትጨምሩ ሚዛኑ ለምን ይዘላል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ሰላም። ዳይት ጨርሳችሁ ወደ ሜንቴናንስ፣ ማለትም ኪሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ ባለበት ወደሚቆምበት የምግብ መጠን እየተመለሳችሁ ያላችሁ ዛሬ ጠይቁኝ፣ አቅሜ የቻለውን ሁሉ እመልሳለሁ። የተማርኩት ስነ ምግብ ነው፣ ስራዬ ደሞ አራት ኪሎ አካባቢ ጂም ውስጥ ማሰልጠን። ይሄን ርዕስ የመረጥኩት ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ነው፣ ስንት ሰው ለፍቶ ኪሎ ቀንሶ ልክ በደንብ መብላት ሲጀምር ሚዛኑ ያስደነግጠውና ተመልሶ ራሱን ማስራብ ይጀምራል፣ ከዛ ይደክመዋል፣ ከዛ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ኮች። ከመስከረም ጀምሮ በቀን 1400 ካሎሪ እየበላሁ 11 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ አሁን 62 ነኝ። ሰኞ ወደ 1900 ከፍ አደረኩት። አርብ ጠዋት ስመዘን 63.8! አራት ቀን ብቻ እኮ ነው። ወደ 1400 ልመለስ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንዳትመለሺ። ሂሳቡን እንየው እስቲ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ይይዛል። 1.8 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው በላይ ወደ 13,900 ካሎሪ ትርፍ መብላት ነበረብሽ ማለት ነው። አንቺ በአራት ቀን የጨመርሽው 2000 ነው፣ እሱም ቢሆን ትርፍ አደለም፣ በየቀኑ ሲጎድልብሽ የነበረውን ነው የመለስሽው።

ታዲያ ከየት መጣ? ትልቁ ክፍል ግላይኮጅን ሚባለው ነው። ከእንጀራው ከዳቦው ከፓስታው ምናገኘውን ስኳር ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ጎተራው ሙሉ ሲሆን ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ ወደ 400 ግራም ይሆናል፣ እና እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው ሚቀመጠው። ዳይት ላይ ስትቆዪ ይሄ ክምችት ጎድሎ ነው ሚቆየው፣ ምግብ ስትጨምሪ ይሞላል፣ 300 ግራም ብቻ ቢሞላ ከነውሃው 1.2 ኪሎ ሆነ። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጪ ወይ ጂም ላይ ጉልበት አግኝተሽ ከሆነ ከዚ የመጣ ነው፣ ደስ ሊልሽ ይገባል።

ከዛ ደሞ ጨው አለ። ብዙ ወጥ ብዙ ጨው ነው፣ ሰውነት ደግሞ ጨው ሲገባበት እኩል እንዲሆንለት ውሃ ይይዛል፣ ወደ 9 ግራም ጨው ሰውነት ውስጥ ቢቀር 1 ሊትር ውሃ ይዞ ነው ሚቀረው፣ ያ ማለት 1 ኪሎ። በሁለት በሶስት ቀን ኩላሊት ያወጣዋል። የቀረው ሆድሽ ውስጥ ያለ ገና ያልወጣ ምግብ ነው፣ ብዙ ስትበዪ ብዙ ነው ሚኖረው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ይሄ መዝለል ባብዛኛው በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። 63 ተኩል ምናምን ላይ ቁጭ ካለ አዲሱ ትክክለኛ ኪሎሽ እሱ ነው፣ 62ቱ የጎደለ ጎተራ ኪሎ ነበር።

ጥያቄ፦ ሜንቴናንሴ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አንዱ አፕ 1750 አንዱ 2200 ይለኛል። 30 አመቴ፣ 62 ኪሎ፣ 163 ሳንቲሜትር፣ የቢሮ ስራ።

መልስ፦ አፖቹ ሚለያዩት እያንዳንዱ እንቅስቃሴሽን በራሱ ግምት ስለሚያሰላው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሚፍሊን ሴንት ጆር ሚባል ቀመር አለ፣ ብዙዎቹ እሱን ነው ሚጠቀሙት። ለሴት ኪሎ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሳንቲሜትር በ6.25፣ ሲቀነስ እድሜ በ5፣ ሲቀነስ 161። ለወንድ በ161 መቀነሱ ይቀርና 5 ይደመራል። ባንቺ 620 ሲደመር 1019 ሲቀነስ 150 ሲቀነስ 161፣ ወደ 1328 ይመጣል። ይሄ ቀኑን ሙሉ ተኝተሽ ብትውዪ ሚያስፈልግሽ ነው። ቢሮ ተቀምጠሽ እየዋልሽ ትንሽ ምትራመጂ ከሆነ በ1.4 ወይ በ1.5 አባዢው፣ ከ1860 እስከ 1990 መሃል ይወድቃል።

ግን እኔ ከቀመሩ ይልቅ የራስሽን ሪከርድ ነው ማምነው። ለምሳሌ የመጨረሻው ወር ላይ በ1400 በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይቀንስ ከነበረ፣ ግማሽ ኪሎ ወደ 3850 ካሎሪ ነው፣ ለ7 ስታካፍዪው በቀን 550 ጉድለት፣ ስለዚ ሜንቴናንስሽ 1950 አካባቢ ነበረ ማለት ነው። ሶስት አራት ሳምንት እሱን በልተሽ የኪሎሽን አማካይ እዪ፣ ከዛ በ100 ወደላይ ወይ ወደታች ታስተካክያለሽ።

ጥያቄ፦ ቀስ በቀስ ነው ሚጨመረው ወይስ በአንዴ? ቀስ ብለህ ከጨመርክ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ካሎሪ ሚያቃጥልበት መጠን፣ ይነሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ቀስ ማለት ሜታቦሊዝምን በተለየ መንገድ ያነሳል ሚለውን አልቀበልም። ሰውነት ብዙ ሲበላ ብዙ ያቃጥላል፣ ምግቡን ለመፍጨትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ሰውየውም ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል፣ ቆሞ ያወራል፣ ታክሲ ከመጠበቅ ይራመዳል፣ ይሄ በቀስታም በአንዴም ይመጣል። በየሳምንቱ 100 እየጨመርክ ሁለት ወር መቆየት ማለት ግን ዳይቱን ሁለት ወር ማራዘም ነው፣ ርሃቡም አብሮ ይረዝማል። እኔ ማደርገው የጎደለውን አብዛኛውን በመጀመሪያው ሳምንት መመለስ ነው፣ የቀረውን በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንት። በጣም ሚጨነቅ ሰው ከሆነ ግን በ150 በ200 ይጨምር፣ መዝለሉ በትንሽ በትንሹ ስለሚመጣ ድንጋጤው ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ ሚዛን የለኝም፣ ሜክሲኮ ጋ መንገድ ላይ ካሉት ልጆች ሚዛን ላይ ነው ምመዘነው። አንዴ 71 አንዴ 74 ይለኛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም አትመን። የልጆቹ ጥፋት አደለም፣ እንዲ አይነቱ ሚዛን ጠፍጣፋና ጠንካራ ወለል ይፈልጋል፣ አስፋልት ዳር ትንሽ ከተንጋደደ ወይ ካርቶን ላይ ከተቀመጠ ይለያያል። ደሞ ጫማህ፣ ጃኬትህ፣ ስልክህ፣ ምሳህ፣ የጠጣኸው ውሃ አለ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ነው። መግዛት ከቻልክ ቀላሉን ገዝተህ ሴራሚክ ወይ ሲሚንቶ ወለል ላይ አድርገው። ካልቻልክ ወገብህን በሜትር ለካ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፣ በሳምንት አንዴ ጠዋት እምብርትህ ላይ። ልጆቹ ጋ መመዘን ከቀጠልክም አንድ ልጅ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰአት፣ ቀለል ባለ ልብስ ይሁን።

ጥያቄ፦ የኛ ምግብ እንዴት ነው ሚቆጠረው ግን? እንጀራ ስንት ነው? ቤታችን አንድ ትሪ ላይ ነው ምንበላው።

መልስ፦ በጣም አሪፍ ጥያቄ፣ እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። እንጀራ በቁጥር አይቆጠርም፣ ያንዱ ቤት እንጀራ ካንዱ ቤት በስፋትም በውፍረትም ይለያል። በግራም ከሆነ 100 ግራም እንጀራ ወደ 150 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ውሃ ስለሚበዛበት። አንዴ ብቻ የቤታችሁን እንጀራ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ከዛ ግማሹ ሩቡ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሰው እንጀራውን ይፈራል፣ እኔ ግን ይበልጥ ምጠረጥረው ዘይቱንና ቅቤውን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፣ ቅቤውም ከዛ ብዙ አይርቅም። ሽሮ ራሱ ምንም አይልም፣ ቁሌቱ ላይ የፈሰሰው ዘይት ግን ሶስት ማንኪያ ይሁን ስድስት ማንም አይለካውም። ስለዚ ወጥ ሚሰራውን ሰው ዘይቱን በማንኪያ እየለካ እንዲጨምር ጠይቁ፣ ድስቱ ለስንት ሰው እንደሆነ አካፍሉ፣ በቃ። የጋራ ትሪ ላይ ደሞ ፊታችሁ ያለውን ጠርዝ ያዙ፣ ድጋሚ ሚጨመረውን እንጀራ ልብ በሉ። ጉርሻውን አትቁጠሩ፣ እናት ስታጎርስ ካሎሪ አይሰላም። በየቀኑ ተመሳሳይ አበላል ካላችሁ ስህተቱም በየቀኑ ተመሳሳይ ነው፣ የሳምንቱ አማካይ ሚዛን ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ጹሜ ለፋሲካ ፈታሁ፣ በሶስት ቀን 3 ኪሎ። ነፍሴ ወጣ።

መልስ፦ 55 ቀን ከስጋና ከቅቤ ርቀህ ከዛ ዶሮው ክትፎው ድፎ ዳቦው ጠላው በአንዴ ሲመጣ ሚዛኑ ካልዘለለ ነው ሚገርመኝ። ጨው ነው፣ ግላይኮጅን ነው፣ ሆድህ ውስጥ ያለ ስጋ ነው። የተወሰነ ስብም ሊኖር ይችላል፣ በበዓል ትርፍ ይበላል፣ ግን ከ3ቱ ኪሎ ትንሹ ክፍል ነው። እስከ ዳግማይ ትንሳኤ አትመዘን፣ ከዛ በኋላ ያለውን አማካይ እይ። ረመዳንን ጾመው ኢድ ላይ ሚገጥማቸውም ተመሳሳይ ነው።

ጥያቄ፦ ፔሬዴ ሊመጣ ሲል ሁሌ ይጨምራል፣ ሜንቴናንስ ጀምሬ ደሞ ባሰበት።

መልስ፦ ውሃ ነው፣ ፔሬድ ሊመጣ ሲል ይጨምርና ከጀመረ በኋላ ባሉት ቀናት ይወርዳል። ያለፈውን ሳምንት ከዚ ሳምንት ጋር ሳይሆን ያለፈውን ወር ሁለተኛ ሳምንት ከዚ ወር ሁለተኛ ሳምንት ጋር አወዳድሪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ስኳርና ግፊት አለብኝ፣ ከሳሁና ሐኪሙ አሁን መቀነስ ይብቃዎት አለኝ። መብላት ከጨመርኩ ወዲህ ኪሎዬም ጨመረ፣ ማታ ማታ እግሬም ያብጣል። ይሄም ያልከው ውሃ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የእርስዎን ከሌሎቹ ጋር አልደባልቀውም። ከግላይኮጅን ጋር የሚቀመጠው ውሃ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ነው የሚገባው፣ እግር አያሳብጥም። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እሱ ራሱ እግር ሊያሳብጥ ይችላል፣ ግን ልብና ኩላሊትም መታየት አለባቸው። እባክዎ በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘው፣ በራስዎ ግን እንዳያቋርጡ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ተጋድመው መተኛት ካቃተዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፍልውሃ ስቲም ገብቼ 1 ኪሎ ቀነስኩ፣ በየሳምንቱ ብገባ መዝለሉን አይቆጣጠርልኝም?

መልስ፦ ፍልውሃ ለድካም ለጡንቻ ግባ፣ እኔም እወደዋለሁ። የወጣው ግን ላብ ነው፣ ወጥተህ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል፣ መመለስም አለበት። ውሃ በመቀነስ ሚዛን ለማውረድ አትሞክር።

ጥያቄ፦ ክሬቲን፣ ጂም ምንሰራ ሰዎች ለጉልበት ምንወስደውን ማሟያ፣ ጀምሬያለሁ፣ ሚዛኑ መዝለል ላይ እሱም አለበት?

መልስ፦ አለበት። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ውሃ ጡንቻ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ካሎሪ እየጨመርክ ባለበት ሳምንት ባትጀምረው ጥሩ ነበር፣ የቱ ከየት እንደመጣ አይለይህም።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ በቀን 600፣ 700 ብቻ ነበር ምበላው። ፔሬዴ ከቆመ አምስት ወር ሆነ፣ ያዞረኛል። አሁን 1900 ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻሽን አትጀምሪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ነገ። ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ የበላ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሚባሉ ማዕድናት መጠን ሊወርድ ይችላል፣ ያ ደሞ ልብን ይጎዳል፣ ስለዚ የደም ምርመራ እየተደረገ ነው ሚጨመረው። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ ሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ግማሽ ርሃብ ላይ አቆይቷቸው ነበር፣ ከኪሎአቸው ሩቡን አካባቢ አጡ፣ እግራቸው አበጠ፣ ይበርዳቸው ነበር፣ ተጨነቁ፣ ቀን ከሌሊት ምግብ ምግብ ብቻ ያስቡ ነበር። እነሱ ደካማ ሰዎች አልነበሩም፣ ርሃብ ማንንም እንዲ ነው ሚያደርገው። ያንቺም ማዞር የፈቃደኝነት ጉድለት አደለም። ቤት ውስጥ ምታምኚውን አንድ ሰው ዛሬ ንገሪው፣ አብሮሽ ይሂድ።

ጥያቄ፦ እሺ ሁሉም ውሃ ከሆነ፣ ስብ መሆኑን መቼ ነው ማውቀው?

መልስ፦ ሁሉም አላልኩም። ጠዋት ሽንት ቤት ገብተህ ስትወጣ፣ ምንም ሳትበላ ሳትጠጣ በየቀኑ ተመዘን፣ የሰባቱን ቀን ደምረህ ለሰባት አካፍል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ተዋቸው። ከሶስተኛው ሳምንት ጀምሮ አማካዩ ለተከታታይ ሶስት ሳምንት በ300 ግራም በ300 ግራም ከጨመረና ወገብህም ከሰፋ፣ አዎ፣ ከሜንቴናንስ በላይ እየበላህ ነው፣ በቀን ወደ 300 ካሎሪ ትርፍ አለ ማለት ነው። እሱን ቀንስ፣ ወደ ዳይት ግን አትመለስ። ከአንድ ቀን ወደ ሌላ ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ወጣ ወረደ ቢል ምንም አይደል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ መመዘን ያስለቅሰኛል ግን።

መልስ፦ ከሆነ አትመዘኚ። ቁጥር ሚያሳምመው ሰው አለ፣ ከባድ ነገር ነው፣ ማንም አያስገድድሽም። ሚዛኑን ለጎረቤት ስጪና በወር አንዴ ወገብሽን ለኪ፣ አንድ ልክሽ የሆነ ሱሪ መርጠሽ በሱ ተከታተዪ። ለቅሶው ካልቆመ ወይ መብላት ራሱ ካስፈራሽ ግን ስለ አእምሮ ጤና ሚያማክር ባለሙያ እዪ፣ እሱም ህክምና ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ሜንቴናንስ ላይ ክትፎ ይበላል?

መልስ፦ ይበላል። ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ለብለብ አስደርገው፣ ቅቤውን ቀነስ አርጉልኝ በላቸው፣ ጎመኑን ጨምር። በነጋታው ጠዋት አትመዘን።